ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ነይ

መምህርት ቫሱዳ ጆሺ ጥሩ አልጋ ልብስ ሁልጊዜ ከክምሩ ሥር እንደሚደበቅ ታውቃለች። ስለዚህ የጨርቅ ነጋዴውን የናንጂን ሸራ ገልጣ ስትገባ ከላይ የተደረደሩትን ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም። ጎንበስ አለችና ከታች ብቅ ያለ አንድ ቀይ ጫፍ ይዛ ሳበች። አልመጣም። እግሯን ተክላ ደግማ ሳበች። ክምሩ ተንዶ ወደ ጎን ሲፈስ ከሥሩ የሰው እጅ ወጣ። ጣቱ ላይ ባለ ቀይ ድንጋይ ቀለበት አለ።

መምህርቷ አልጮኸችም። አብዛኛውን ዕድሜዋን ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ወደ መተላለፊያው ወጥታ ጥበቃውን፣ «እዚህ ሰው ሞቷል። በሩን ዝጋ፣ ማንም እንዳይገባ፤ ከዚያ ፖሊስ ጥራ» አለችው። ጥበቃው እንደ ተማሪ ታዘዘ።

ከሐይቁ ማዶ ያለው የሕንዷ ቡጅ ከተማ የእጅ ሥራ ገበያ ለገዢ ከተከፈተ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበት ያህል ጊዜ እንኳ አላለፈም ነበር። በዚያ መተላለፊያ ከመምህርቷ በፊት የገባ ገዢ የለም፤ ከእሷ በኋላም ማንም አልገባም።

ኢንስፔክተር ዴቭዳን ጋድቪ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ ማውራት የማይወድ ሰው ነው። ጫማውን ከመደቡ ውጭ አውልቆ ገባና አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሟቹ ናንጂ ታከር ስልሳን ያለፈ፣ ቦርጫም፣ ገበያው ሁሉ ናንጂባይ፣ ወንድም ናንጂ፣ ሲል የሚጠራው የአሮጌ ጥልፍ ነጋዴ ነበር። በየመንደሩ እየዞረ የድሮ ሴቶች የጠለፉትን ይገዛል፤ አምጥቶ ለከተማ ሰውና ለውጭ አገር ሰው ይሸጣል። የተመታው ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። የተመታበትም ነገር አጠገቡ ወድቋል፤ አሮጌ ጨርቅ የሚተኩስበት የገዛ ራሱ የከሰል ካውያ።

«እጀታው ተጠርጓል» አለች ሳጅን ቻንድሪካ። ጠንከር ያለች፣ ሁልጊዜ የሚበላ ነገር ኪሷ የማይጠፋ ሴት ናት። «አሻራ የለም። ሐኪሙ ፀሐይ ከመውጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የሞተው ይላል።»

«እዚሁ ነው የሚያድረው?»

«ጥበቃውን አያምንም ነበር። ጥበቃውን ቢያዩት እርስዎም አያምኑትም፣ ሳሄብ።»

«የጎደለ ነገር አለ?»

«የገንዘብ ቦርሳው ወገቡ ላይ ነው፤ አልተነካም። ግን ይኸን ይዩ።»

መደቡ ፊት ለፊት ባለው ሳንቃ ላይ ሁለት ምስማሮች ባዶአቸውን ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው እንጨት ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ጠቆር ብሏል።

«እዚህ ላይ የሙሽራ ጉርድ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር አሉ። መስታወት የተጠለፈበት፣ የድሮ ሥራ። ትናንት ማታ ነበር፤ ዛሬ የለም።»

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን ምስማሮች ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። ከዚያ ወጥቶ ጫማውን አጠለቀና መምህርቷን አስጠራት።

«በሩ ሳይከፈት ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለች መምህርቷ። «መጀመሪያ የገባሁትም እኔ ነኝ።»

«ቀጥታ ወደ ናንጂ መደብ ሄዱ?»

«አይደለም። መጀመሪያ ጎረቤቱ ዘንድ፣ ያ ፀጉሩን ዘይት የሚቀባው ብር ሻጭ። ለእህቴ ልጅ አልቦ ፈልጌ ነበር። አራት ሺህ ሩፒ አለኝ። ሺህ ሁለት መቶ አልኩት።»

«እሺ።»

«እሺ አይበሉኝ፤ ይስሙኝ እንጂ። ሺህ አምስት መቶ አልኩት፤ ዝም። ሁለት ሺህ አልኩት። ‹ዋጋው የነገርኩዎት ነው እህቴ፤ ካልተስማማዎት መንገዱ ሰፊ ነው› ብሎኝ ጋዜጣውን አነሳ። በጠዋት። ከራጅኮት ድረስ መጥቼ በር ላይ እንደ ለማኝ የቆምኩት ለምን ይመስልዎታል? ማሟሻ ለመሆን ነው። የዕለቱን የመጀመሪያ ገዢ ነጋዴ ከኪሱ ጨምሮም ቢሆን ባዶ እጁን አይሸኝም። ይኸ ሰውዬ ግን ነጋዴም አይደል።»

«መምህርት፣ የጠየቅኩዎት ስለ አስከሬኑ ነበር።»

«እሱማ ሞቷል። ምን ልንገርዎት?»

ቻንድሪካ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ብር ሻጩ ካንቲላል ጋዜጣውን አጥፎ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ሳይጠይቀው ሻይ በወተት አስመጣለት። የካንቲላል ሥራ አሮጌ የብር ጌጥ መግዛትና መሸጥ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ንጹሕ፣ ፀጉሩም መምህርቷ እንዳለችው በዘይት የተለሰነ ነው።

«ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ሳሄብ። ሲያስነጥሰው እንኳ ለይቼ አውቀዋለሁ።»

«ትናንት የት አደርክ?»

«አንጃር፣ ቤቴ። ጠዋት በባጃጅ መጣሁ። የነጋዴዎቹ በር ሲከፈት ከሌሎቹ ጋር ነው የገባሁት። ሹፌሩ ውጭ አለ፤ ጠይቁት።»

ቻንድሪካ ወጥታ ጠየቀች። ሹፌሩ ካንቲላልን ጠዋት ከባጃጁ አውርዶታል፤ በሩ ላይ የነበሩት ነጋዴዎችም ሲወርድ አይተውታል።

«የናንጂን ሸራ አላየኸውም?»

«ወርዶ ነበር። የተኛ መስሎኝ… ሽማግሌ ነው፣ ይረፍ ብዬ።» ካንቲላል ድምፁን ጠረገ።

«ጠላት ነበረው?»

«የአሮጌ ጨርቅ ነጋዴ ምን ጠላት አለው? ያቺ ከብት አርቢዋ የራባሪ ጎሳ ሴት ካልሆነች በቀር። እኔ ደግሞ እሷ ናት አላልኩም። ትናንት ማታ ግን ጉርዱን ከሁለት ወገን ይዘው ሲጓተቱ ገበያው ሁሉ አይቷል።»

ሌላ የተነሳ ስምም ነበር። ከፊት ለፊት ቃጭል የሚሸጠው ሲዲክ ሉሃር ከናንጂ ጋር በየጊዜው እንደሚጣላ ጥበቃው ተናግሯል። ሲዲክ መዳብ የተቀባ የብረት ቃጭሎቹን በገመድ ደርድሮ፣ መካከላቸው እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

«ባለፈው ሳምንት ‹ራስህን እፈነክትሃለሁ› ብለኸዋል» አለው ኢንስፔክተሩ።

«በየሳምንቱ እለዋለሁ፣ ሳሄብ። ሸራውን እየሳበ ፀሐዬን ይወስዳል። ቃጭል ፀሐይ ካልመታው ማን ያየዋል?»

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«መስጊድ።»

«ማን አየህ?»

«ከጎኔ የቆመው የእርስዎ ሾፌር ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሳል ይዞታል» አለ ሲዲክ። «ለጤናው እረፍት ይስጡት።»

ከሩቅ መንደር የሚመጡ ሴቶች መደብ የላቸውም። በገበያው ጥግ፣ ከግንቡ ሥር ጨርቅ አንጥፈው ይሸጣሉ፤ ማታም እዚያው ዕቃቸውን ተንተርሰው ያድራሉ። ጂቪ በመካከላቸው ነበረች፤ ጥቁር የሱፍ ሻሽ የተከናነበች፣ እስከ ክንዷ ድረስ ነጭ አምባር የደረደረች፣ አጥንቷ የገጠጠ ሴት። ፊቷ ትናንሽ የጥልፍ ቦርሳዎች ተዘርግተዋል።

«አለቃቸው አንተ ነህ?» አለችው። በመንደሯ ለሹምም ለእረኛም «አንተ» ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጂቪቤን» አላት፤ እህት ጂቪ ማለቱ ነው። «ጉርዱ የማን ነበር?»

«የእናቴ። ለሠርጓ የጠለፈችው ነው። በድርቁ ዓመት፣ ከብቱ ሲያልቅብን፣ ለናንጂባይ ሸጥኩት።»

«አሁንስ ለምን ፈለግሽው?»

«ልጄ ከነገ ወዲያ ትዳራለች። እሱን ለብሳ ከቤቴ እንድትወጣ ነው።»

«እሱ ግን እምቢ አለ።»

«የጠራው ዋጋ ፍየሎቼ ሁሉ ቢሸጡ አይሞላም። ይዤ አለቅም አልኩ። እሱም ሳበ።»

«ከዚያስ?»

«ነጥቆ ሰቀለው። ስወጣ ደግሞ ጠርቶ፣ ‹ነገ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ነይ› አለኝ።»

«ሲያባርርሽ ነው።»

«እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ስበግን አደርኩ።»

«ጠዋትስ ሄድሽ?»

«ፊቴን ልታጠብ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ስመለስ ሸራው እንደወረደ ነው። ያባረረኝን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ምን እለዋለሁ?»

ቻንድሪካ በዚህ መካከል የጂቪን ጨርቅ ፈትታ ዕቃዋን ታገላብጥ ነበር። ድንገት ቀና አለችና አንድ ነገር ለኢንስፔክተሩ ዘረጋችለት። የተጎነጎነ የቀሚስ ማሰሪያ ክር ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ዘርፍና ጥፍር የምታህል መስታወት ተሰፍቶበታል።

«ይኸ የጉርዱ ነው?»

«የጉርዱ ነው» አለች ጂቪ። «ሲነጥቀኝ እጄ ላይ ቀረ።»

ከሌሎቹ ሴቶች አንዷ የጂቪን ቦርሳዎች ቀስ እያለች መሰብሰብ ጀመረች።

ነገሩ ቀላል መሰለ። ሌሊቱን ገበያው ውስጥ ያደሩት ናንጂ፣ ጥበቃውና እነዚያ ሴቶች ብቻ ናቸው። የተጣላችው ጂቪ ናት። የጠፋው የፈለገችው ነገር ነው። ክሩም ከዕቃዋ ተገኝቷል። የአውራጃው አዛዥ እኩለ ቀን ሳይሆን በስልክ፣ «የብርድ ወራት ጎብኚ መጥቶ ሆቴል ሞልቷል፤ ገበያውን ክፈት፣ ሴትየዋን ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት አቅርብ» አለ። ኢንስፔክተሩ ጂቪን ወደ ጣቢያ አስወሰዳት።

ጣቢያው ሲደርሱ አንድ ነጭ ጥምጥም ያሰረ ሽማግሌ በሩ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ብሏል። የጂቪን ልጅ የሚያገባው ወጣት አባት ነበር። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደርሶታል።

«ነገ ዳኛ ፊት ትቀርባለች አሉ» አለ።

«ሊሆን ይችላል» አለው ኢንስፔክተሩ።

«እንግዲያው ሠርግ የለም። ክፋት እንዳይመስልህ። ቤቴ ያልተዳሩ ሴት ልጆች አሉ።»

«ሠርጉን ማራዘም አይቻልም?»

«የእኛ ጎሳ ሙሽራ የሚያወጣው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሁሉም በዚያው ቀን። ያ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው ዓመት ነው። እስከዚያ ማን ይጠብቃል?» ሽማግሌው በትሩን መሬት ላይ አጋደመ። «እስከ ነገ ጠዋት እዚሁ ነኝ።»

ጂቪ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ሁሉንም ሰምታለች። ቻንድሪካ የገዛ ምሳዋን፣ በዳቦ መካከል ቅመም የበዛበት ድንች ያለበትን ዳቤሊ፣ ለሁለት ከፍላ ሰጠቻት። አልነካችውም።

ኢንስፔክተሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክሩን በጣቱ ይጠቀልልና ይፈታ ነበር።

«ጉርዱ የት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሴቶቹን ሁሉ ፈትሻለሁ» አለች ቻንድሪካ። «መደቦቹን ፈትሻለሁ። የቆሻሻ ገንዳውንም ሳይቀር።»

«ጂቪ ከገበያው ወጥታለች?»

«አልወጣችም። ቧንቧውም ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ ከዓይናቸው እንዳልራቀች ይናገራሉ።»

«ጉርዱ ግን ወጥቷል።» ተነሳ። «ያወጣው ሌላ ሰው ነው። ነይ እንሂድ።»

ገበያው ተከፍቶ ሰው እየገባ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘንብላለች። በየመደቡ ያለው ጩኸት ከወትሮው የተለየ ነው፤ ነጋዴዎቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው መተላለፊያው ላይ ወጥተው የሰው እጅ ይጎትታሉ።

«ምን ሆነዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምን ይሆናሉ? ቀኑን ሙሉ ማንም አላሟሸም» አለ ሲዲክ ከቃጭሎቹ መካከል። «ጠዋት ዘጋችሁብን። ሳያሟሹ ወደ ቤት መግባት ደግሞ ለከርሞም አይበጅም። ሳጅን፣ ይግዙኝ። የፈለጉትን ያንሱ።»

ቻንድሪካ አንዱን ቃጭል አንስታ አቃጨለችው። «ስንት ነው?»

«ስምንት መቶ።»

«ሁለት መቶ።»

«ይውሰዱት።»

ቻንድሪካ ደነገጠች። መቶ ማለት እንደነበረባት ያን ጊዜ ገባት። ሲዲክ የሰጠችውን ኖት ሳም አድርጎ ግንባሩን አስነካና ለብቻው ከኪሱ ከተተው። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ። ቀጥላ ለመጣችው ሴት ያንኑ የሚያክል ቃጭል ሰባት መቶ ጠርቶ ከስድስት መቶ አልወርድም አለ።

ኢንስፔክተሩ ግን የሚያየው ወደ ማዶ ነበር። አዲስ የተጋቡ የሚመስሉ ወጣቶች ካንቲላል ፊት ቁጢጥ ብለው የብር አምባር ይዘው ይከራከራሉ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨመረች። ካንቲላል ራሱን ነቅንቆ አምባሩን ወደ ቦታው መለሰ። ወጣቶቹ ተነስተው ሄዱ፤ አልጠራቸውም። ቀጥሎ አንዲት ወፍራም ሴት መጣች። እሷም ባዶ እጇን ሄደች። ካንቲላል ጋዜጣውን አነሳ።

«ያቺ መምህርት ጠዋት ምን ነበር ያለችው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስለ አልቦው ነው? በጠዋት መጥቼ አባረረኝ ብላ…» ቻንድሪካ ንግግሯን አቋረጠች። ቃጭሉን በእጇ እንደያዘች ወደ ካንቲላል ተመለከተች። «እሷ እኮ የመጀመሪያዋ ነበረች፣ ሳሄብ።»

«የመጀመሪያዋ መስሏት ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ።

መተላለፊያውን ተሻገረ።

«ካንቲባይ፣ ገበያ እንዴት ነው?»

«ጎረቤቴ ሞቶ ምን ገበያ አለ፣ ሳሄብ?»

«ዛሬ የሸጥከው የለም?»

«አንድም።»

«እስካሁን አላሟሸህም ማለት ነው።»

ካንቲላል ጋዜጣውን ከጭኑ ላይ አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «አዎ፣ እስካሁን ምንም አልተሸጠ።»

«ታዲያ እነዚያን ወጣቶች ለምን ሸኘሃቸው?»

«ዋጋው አልተገናኘም።»

«ሲዲክ ስምንት መቶ ያለውን በሁለት መቶ ሸጠ። ይኸ መተላለፊያ ዛሬ እየከሰረ ነው የሚሸጠው። አንተ ግን አሁን በዓይኔ ሁለት ገዢ ሸኘህ። ጠዋት ደግሞ መምህርቷን ሸኘህ፤ ሁለት ሺህ እሰጣለሁ እያለችህ። ካላሟሸህ እሷን አትለቃትም ነበር። ስለዚህ አሟሽተሃል፤ ያሟሸኸውም እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። እሷ ደግሞ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው ገዢ ናት። ለማን ነው የሸጥከው?»

«ሳሄብ፣ ጎረቤቴ ሞቷል፣ ልቤ አዝኗል፣ መሸጥ አልፈለግኩም።»

«ጠዋት መምህርቷ ስትመጣ መሞቱን አታውቅም ነበር። የተኛ መስሎህ ነበር።»

ሲዲክ ከማዶ መጮኹን አቁሟል።

«ሳጥንህን ክፈት» አለ ኢንስፔክተሩ።

የገንዘብ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ የሀብት እንስት አምላክ የላክሽሚ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ ግርጌ አንድ የታጠፈ ኖት ተሰክቶ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይታያል።

«የትናንት ማሟሻ ነው» አለ ካንቲላል። «ማታ ሳላነሳው ረሳሁት።»

«ይሁን። እጅህን ሥዕሏ ላይ አድርግና ‹ዛሬ አላሟሸሁም› በል። ካልክ ተነስቼ እሄዳለሁ፤ ተመልሼም አልመጣብህም።»

ቻንድሪካ ኢንስፔክተሩን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እንዲህ ያለ ምርመራ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ የለም።

ካንቲላል ቀኝ እጁን አነሳ። ወደ ሥዕሉ አስጠጋው። ጣቶቹ ወረቀቱን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ፤ እዚያው አየር ላይ ቆዩ። ገዢዎቹ መካከላቸው ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ግራና ቀኝ ያልፋሉ።

«እሷን አታስነኩኝ፣ ሳሄብ» አለ።

የቀረውን ጣቢያ ደርሶ ሳይጎተት ተናገረ። ከአህመዳባድ የመጣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ገዢ ጉርዱን ፈልጎ በእሱ በኩል ለወራት ሲደራደር ነበር፤ ትናንት ዋጋው ተቆርጦ፣ ሰውዬው ጎህ ሲቀድ በመኪናው መጥቶ ከሐይቁ ዳር ሊረከብ ተስማምተዋል። ካንቲላል በኋለኛው ግንብ፣ ድንጋዩ በወደቀበት በኩል ገባ።

«ናንጂን ቀሰቀስኩት። ‹ጉርዱ ተሽጧል› አለኝ። ለማን? አልኩት። ‹ለዚያች ሴት። ከሰው ሁሉ ቀድመሽ ነይ ብያታለሁ። ነገ ማሟሻዬ እሷ ናት፤ የሰጠችኝን እቀበላለሁ› አለኝ። ያን ሁሉ ወር የለፋሁበትን። ዞር ብሎ እሳት ሊያያይዝ ሲያጎነብስ ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

ጉርዱን ይዞ በመጣበት ወጣ፤ ለሰውዬው አስረክቦ የዕለቱን ማሟሻ ተቀበለ። ከዚያ ወደ አንጃር መንገድ ጥቂት በእግሩ ሄዶ ነዳጅ ማደያው ጋ ባጃጁን ጠበቀና ተሳፈረ። ቻንድሪካ ሹፌሩን የጠየቀችው የት እንደወረደ እንጂ የት እንደተሳፈረ አልነበረም።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለችው ቻንድሪካ። «ለመምህርቷ ብትሸጥላት ማን ይጠረጥርህ ነበር?»

ካንቲላል ግራ ተጋብቶ አያት። «በሁለት ሺህ? ኪሳራ ነው» አለ። «አሟሽቼ ነበራ።»

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን ከፍቶ ጂቪን አስወጣት። ሽማግሌው ከዛፉ ሥር ተነስቶ ጥምጥሙን አስተካከለ።

«ናንጂ ሲያባርርሽ አልነበረም» አላት ኢንስፔክተሩ።

ጂቪ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «እኔም እኮ ሻጭ ነኝ» አለች። «ሰው ሲናደድ አይሰማም።»

የአህመዳባዱ ሰው ከተማው ውስጥ ዕቃ ሲገዛ ውሎ ሌሊቱን መንገድ ላይ ተያዘ። በማግስቱ ጂቪ የምስክር ቃሏን ልትሰጥ መጣች፤ የጣቢያው ጠራጊ ገና ደጁን ውኃ እየረጨ ነበር። ጉርዱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። መስታወቶቹ ከመስኮቱ የገባውን ብርሃን ተቀብለው ጣሪያው ላይ በትነውታል። ማሰሪያው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ተበጥሷል። ክሩን አጠገቡ ሲያደርጉት ገጠመ።

«የእናትሽ ነው?»

«የእናቴ ነው።»

«ፈርሚ።» በአውራ ጣቷ ፈረመች። «አሁን ኤግዚቢት ነው። ፍርዱ እስኪያልቅ እዚህ ይቀመጣል።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመት። ሁለት ዓመት።»

ጂቪ ጉርዱን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። «ሦስት ቀን ስጠኝ» አለች።

«አይሆንም።»

«ሁለት።»

«ጂቪቤን፣ ይኸ ገበያ አይደለም።»

«ነገን ብቻ።»

«አይሆንም አልኩሽ።»

ተነሳች። ከኋላዋ የሚጠራ ድምፅ እንዳለ የሚያዳምጥ ገዢ በሚሄድበት አካሄድ፣ ቀስ ብላ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዞር አለች።

«ዛሬ ከእኔ በፊት እዚህ የመጣ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከሰው ሁሉ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አለች።

ቻንድሪካ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ከፈተ፤ መልሶ ከደነው።

«ሳጅን፣ ነገ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የመንጃ ፈቃድ ቁጥጥር፣ ሳሄብ።»

«ይቅር። ኤግዚቢት ትጠብቂያለሽ። ከፖሊስ ዓይን ለአንድ አፍታ እንዳይርቅ፤ የሄደበት ትሄጃለሽ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል።»

«ጠልቃ» አለች ጂቪ ከበሩ። «ጭፈራው ሲያልቅ።»

«ሳትጠልቅ።»

«ስትጠልቅ።»

«ስትጠልቅ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ጂቪ ተመልሳ ተቀመጠች። ከሻሿ ጠርዝ ላይ የሰካቻትን መርፌ መዘዘች፤ ክሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ የተበጠሰውን ጫፍ መስፋት ጀመረች። ቻንድሪካ ኤግዚቢትን መለወጥ እንደማይፈቀድ ልትናገር አፏን ከፈተች። ኢንስፔክተሩ የትናንቱን ጋዜጣ አንስቶ ፊቱን ሸፍኗል። ጂቪ ሰፍታ ጨረሰችና የመርፌዋን ክር በጥርሷ በጠሰችው።